ጊዜው የሚያበቃ ድጎማ በበጀት ትንበያ

መነሻ ትንበያ የሚባለው፣ በሥራ ላይ ያለው ሕግና ፖሊሲ ሳይለወጥ ቢቀጥል የመንግሥት ገቢና ወጪ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያሳይ ስሌት ሲሆን፣ የሚያበቃበት ቀን የተቆረጠለት የግብርና ድጎማ ሲያጋጥመው ግን ባለሙያው ድጎማው ይቀራል ወይስ ይታደሳል ብሎ እንደሚነሳ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። አሜሪካ ይህን ውሳኔ ለባለሙያው አልተወችም፤ የ1985 እ.ኤ.አ. የበጀት ሕጓ ከነማሻሻያዎቹ ዋና ዋናዎቹ የግብርና ድጎማዎች ሕጋቸው ቢያበቃም እንደሚቀጥሉ ተቆጥረው እንዲሰሉ ስለሚያዝ፣ የ2018ቱ የግብርና ሕግ በ2023 ጊዜው ሲያልፍ የወጪ ትንበያው በዚያ ምክንያት አልወረደም። ይህ አሠራር ትንበያውን ያረጋጋል፤ ሆኖም ድጎማን ማራዘም ምንም የማያስወጣ ስለሚያስመስለው ገለልተኛ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በኢትዮጵያ የማዳበሪያ ድጎማ የሚቆመው ለብዙ ዓመታት በሚጸና ሕግ ላይ ሳይሆን በመንግሥት ውሳኔና በየዓመቱ በሚታወጀው በጀት ላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. የተነሳው የማዳበሪያ ዋጋ ድጎማ፣ የዓለም ገበያ ዋጋ በናረበት በ2014 ዓ.ም. በ15 ቢሊዮን ብር ተመልሷል። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ የድጎማው ስሌት የበጀት ዓመቱ በገባ በሦስት ሳምንት ውስጥ አረጀ፤ ማዳበሪያን ጨምሮ ለድጎማዎች የሚውል ገንዘብ ያካተተው ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀትም በኅዳር 2017 ዓ.ም. ጸደቀ።

በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጉዳዩን የሚያወሳስበው የበጀት ዓመቱና የእርሻው ወቅት አለመገጣጠም ነው። በቆሎ በግንቦትና በሰኔ ሲዘራ ከዘር ጋር የሚገባው ማዳበሪያ ሰኔ 30 በሚዘጋው ዓመት ላይ ይወድቃል፤ ሰብሉ ካደገ በኋላ የሚጨመረው ዩሪያ ግን ሐምሌ 1 ወደሚጀምረው ዓመት ይሻገራል፤ ስለዚህ ድጎማው በሰኔ መጨረሻ ያበቃል ብሎ የሚነሳ ትንበያ የአንዱን ማሳ ወጪ ለሁለት ይቆርጠዋል። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅ ከተማ የማጓጓዣው ወጪም ራሱን የቻለ ጫና ነው።

ከዚህ የከፋው ስህተት የሚመጣው ካለፈው ዓመት ፍጆታ ነው። በመተከልና በካማሺ ዞኖች ግጭትና መፈናቀል ገበሬውን ከማሳው ባራቁበት ዓመት የታየውን ዝቅተኛ ፍጆታ መነሻ ያደረገ ተንባይ፣ የችግሩን ዘመን እንደ መደበኛ ወቅት ስለሚቆጥረው፣ ተፈናቃዩ ተመልሶ ማረስ ሲጀምር የሚያስፈልገውን ማዳበሪያ ከስሌቱ ውጭ ያደርገዋል። ክልሎች ለግብዓት ብድር በበጀታቸው ዋስ በሚሆኑበት አሠራርም የድጎማ መቋረጥ የብድሩን መጠን ስለሚያሳድገው፣ ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ዕዳው ለጤናና ለትምህርት ከታሰበው ገንዘብ ላይ ያርፋል።

ስለሆነም የክልሉ ምክር ቤት አባላት የበጀት ሰነድ ሲቀርብላቸው፣ ድጎማው ቢቋረጥና ቢቀጥል የሚመጣው ወጪ በሁለት የተለያዩ አሃዞች እንዲጻፍላቸው፣ ተንባዩም የትኛውን እንደ መነሻ እንደወሰደና ለምን እንደወሰደ እንዲያስረዳ ሊጠይቁ ይገባል።