ለወንዙ ማን ጋ ይደወላል?

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ፣ የጉናን ግርጌ ይዘን ስንጓዝ አውቶቡሳችን ድንገት ቆመ። ከፊታችን አንድ የነዳጅ ቦቴ የመንገዱን ጠርዝ ስቶ ዘንበል ብሏል። ሹፌሩ ደህና ነው። ከቦቴው ሆድ ግን ናፍጣ ይፈስሳል፤ ፈሶም የመንገዱን ቦይ ይዞ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ያዘግማል። ረዳቱ ቀዳዳውን በጨርቅ ለመወተፍ ይታገላል። ከየጎጆው ጀሪካን የያዘ ሰው ይሮጣል።

አንዲት አሮጊት አጠገቤ ቆመው፣ "ልጄ፣ ይኸ ውኃ እኮ ከብቶቻችን የሚጠጡት ነው" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሰዉን ከቦቴው ለማራቅ ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮኸውን ወጣት የትራፊክ ፖሊስ ጠጋ ብዬ፣ ለዚህ ነገር ማን ጋ እንደሚደወል ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ሰው ቢጎዳ አምቡላንስ እጠራለሁ። መኪና ቢጋጭ ሥራዬ ነው። ለወንዙ ግን ማን ጋ እንደሚደወል የነገረኝ የለም" አለኝ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን "ድርጊቱን የሚፈጽመው ማን ነው? ብላችሁ አንብቡ" እላቸው ነበር። ቤቴ ስገባ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን አውጥቼ እንደዚያው አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። አንቀጽ 3 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ተቆጣጣሪ በየትኛውም ግቢ ገብቶ እንዲመረምር ሥልጣን ተሰጥቶታል። አንቀጽ 11 ደግሞ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እኒያ አሮጊት መብት አላቸው ማለት ነው። እሰየው!

ናፍጣ ግን 30 ቀን አይጠብቅም። በአዋጁ ውስጥ ጥፋተኛው አለ፣ ተቆጣጣሪው አለ፣ ዳኛው አለ። በመጀመሪያው ሰዓት አሸዋና አካፋ ይዞ የሚደርሰው ሰው ግን አልታየኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው።

መሥሪያ ቤቱስ? በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ ተወለደ። በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ይህ ሁሉ የበር ጽሑፍ ሲለዋወጥ፣ ጉና ሥር የቆመው ፖሊስ እጅ አንድ የስልክ ቁጥር አልደረሰም።

መንግሥት አይችልም ማለቴ አይደለም። በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎበት፣ በርሜሉ ዝጎ ይፈስስ የነበረው የፀረ ተባይ መርዝ በ1990ዎቹ ተቆጥሮ፣ እንደገና ታሽጎ፣ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ የሚሆነው ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ተቃጥሏል። የግብርና ሚኒስቴር ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር፣ በለጋሾች ገንዘብ የሠራው ሥራ ነው። ኃላፊና ገንዘብ ሲገኝ ይቻላል።

አሜሪካኖችም በመከራ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ከደፋች በኋላ፣ በ1990 ሕጋቸውን አጠበቁ። በካዩ ቢያንገራግር ወይም ቢጠፋ፣ መንግሥት ከነዳጅ ቀረጥ ከተጠራቀመ ፈንድ አውጥቶ ያጸዳል፤ ሒሳቡን ኋላ ይጠይቃል። ሌትም ቀንም የሚደወልበት አንድ ቁጥርም አላቸው። ይህ ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከየሊትሩ ነዳጅ እየቆረጠ መንገድ እንዲያስጠግን ነበር የታሰበው። መንገዱን ለመጠገን ከነዳጁ ከተቆረጠ፣ ነዳጁ የሚያበላሸውን ወንዝ ለማጽዳት የማይቆረጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ቦቴ በሚያልፍበት ወረዳ ሁሉ አሸዋ፣ ሰጋቱራ፣ አካፋ፣ የሠለጠኑ ጥቂት ሰዎችና አንድ ስልክ ቁጥር። ቦዩን ቶሎ በአፈር መገደብ፣ በውኃ አለማጠብ፣ የተነከረውን አፈር ዝቆ ማንሳት፣ ጀሪካን የያዘውን ሰው ማራቅ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ላይ ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሲቀዱ እሳት ተነስቶ ወደ 100 ሰው አልቋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞም የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ውኃ እዚያው አይቀርም። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ፤ የስማዳው በሽሎ ከዓባይ ይቀላቀላል።

ጋይንት ቤተልሔም የሚባል የድጓ ማስመስከሪያ አለ። ደቀ መዝሙሩ ድጓውን የቱንም ያህል ዓመት ቢማር፣ እዚያ ወርዶ ካላስመሰከረ ሙሉ መምህር አይባልም። አዋጃችንም ተጽፏል፣ ታውጇል። ገና ያላስመሰከረው ጉና ሥር፣ እኒያ አሮጊት ፊት ነው።