በቃል ያለ ይረሳል?

በቀደም ዕለት ታክሲ ውስጥ አንድ ጎልማሳ «መምህር!» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት ልጅ ኖሯል። ሂሳቤንም ከፈለልኝ። «የእርስዎን ኮርስ እኮ ኤ ነው ያመጣሁት» ሲለኝ ኮራሁ። ኩራት ደግሞ ዝም አያሰኝም አይደል? «እስቲ ከፍቅር እስከ መቃብር እስከ ዛሬ ልብህ ውስጥ የቀረው ማን ነው?» አልኩት። አሰበ። የታክሲውን ጣሪያ አየ። «እውነቱን ልንገርዎት መምህር፣ ሃንዳውቱ 42 ገጽ እንደነበረ ነው ትዝ የሚለኝ» አለኝ።

እየሳቅሁ ወረድኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም። ለምን ቢባል ኤውን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሃንዳውቱንም ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ተከሳሹ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ ሽምደዳ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲነገር፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህሩ ኑሮ አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ጦርነቱም ነበር። በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ፍርድ ግን አጭር ነው፦ «ድሮስ በሽምደዳ ያደገ ልጅ ምን ሊሆን ኖሯል?» አንዳንዱማ ጥፋቱን ወደ ኋላ ይወስድና የቄስ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ይጥለዋል። ሀሁን እየጮኸ፣ ዳዊትን በቃሉ እያጠና ያደገ ሕዝብ ማሰብን ከየት ያምጣው ይላል።

እኔ ደግሞ ያሰርነው የተሳሳተውን ሰው ነው እላለሁ።

እስቲ ሽምደዳ የምንለውን ነገር ጠጋ ብለን እንየው። ተማሪው ፈተናው ነገ ሊሆን ዛሬ ማታ ሃንዳውቱን ያወጣል። በቢጫ ቀለም ያሰምርበታል። ያነበዋል፣ ይደግመዋል፣ ይሠልሰዋል። ካምፓስ ውስጥ «መቸከል» ይሉታል። ሲነጋ ይፈተናል፤ በሳምንቱ ባዶ ነው። ልብ በሉ፣ በዚያ ሁሉ ሌሊት ልጁ አንድ ነገር አላደረገም፤ ወረቀቱን ገልብጦ «ምን ነበር ያነበብኩት?» ብሎ ራሱን አልጠየቀም።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው የሚመለከተው። አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን ሰበሰቡና አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን አራቱንም የጥናት ጊዜ በማንበብ አሳለፈ። ሌላው በመጀመሪያው ብቻ አነበበ፤ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ቸካዮቹ በለጡ፤ 83 ከመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቸካዮቹ ወደ 40 ከመቶ ወረዱ፤ ራሳቸውን ሲጠይቁ የነበሩት 61 ከመቶ ላይ ቀሩ። የሚገርመው፣ በደንብ እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት ቸካዮቹ ነበሩ። ደጋግመው ያዩት ነገር የሚያውቁት መስሏቸዋል። ጎረቤታችንን በየቀኑ እያየን ስሙ እንደሚጠፋን ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ፣ በአንድ ቀን 68 ጊዜ የደገመውን ያህል በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ በመድገም ማግኘት እንደሚቻል ጽፏል። ምክንያቱን የነርቭ ሳይንስ ኋላ ላይ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው ኤሪክ ካንደል ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣ በመሰለች የባሕር እንስሳ ላይ ዕድሜውን ፈጀ። ያገኘው ይህን ነው፦ ለአጭር ጊዜ ስናስታውስ በነርቮች መካከል ያለው ግንኙነት ለጊዜው ይጠነክራል፤ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ግን ነርቩ አዲስ ፕሮቲን ይሠራል፣ አዲስ መገናኛም ያበቅላል። ማብቀል ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የአንድ ሌሊት ጎርፍ ቡቃያ ያጥባል እንጂ አያሳድግም።

አሁን ወደ ቄስ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንመለስ። ቀን ብርሃን ሳለ ንባብ ነው። ሲመሽ፣ ፊደል በማይለይበት ሰዓት፣ «ቃል ትምህርት» ይቀጥላል። መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። በማግሥቱ የተቀበለውን ከመምህሩ ፊት ያለ መጽሐፍ ይወጣዋል። ካልሆነለት ወደሚቀጥለው አያልፍም። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ግስ በቃሉ ይይዛል፣ ታሪክና ምሥጢር ይሰማል፤ ከዚያ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ወይም የሰው ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ያፍርበታል። ታዲያ በቃል መያዝ የማሰብ ጠላት ከሆነ ይህ ሁሉ አዲስ ቅኔ ከየት መጣ? ባዶ ጎተራ ምን ተፈጭቶ ይጋገርበታል?

የኔታን ቅዱስ ላደርጋቸው አይደለም። አለንጋውን አልናፍቅም። ግዕዙ ሳይገባው ዳዊት የደገመ ልጅም ብዙ ነው፤ ትርጉሙን ያወቁት ነገር ይበልጥ እንደሚታወስም ሳይንሱ ይመሰክራል። ግን ሁለት ነገር አልሳቱም። ተማሪያቸውን በየቀኑ ይጠይቁ ነበር፤ ዕውቀትንም ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከሰውየው ውስጥ ይፈልጉ ነበር። እኛ ዘመናዊዎቹ አለንጋውን ጣልን፣ ደግ አደረግን፤ ጥያቄውን ግን ምን በደለን ብለን አብረን ወረወርነው?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል አባባሉ። ለአገር እውነት ነው። ለተማሪ ግን ወራሹ ራሱ መገኘት አለበት። ዛሬ ልጁ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ሃንዳውቱ ፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም ይመጣለታል። ስልኩ ሞልቷል፤ ልጁስ?

መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህሩ ትምህርት ሲጀምር አምስት ደቂቃ ወስዶ «ደብተር ክደኑ፤ ትናንት ምን ተማርን?» ይበል፤ ለማርክ ሳይሆን ለማስታወስ። ወላጅም ማታ «አጠናህ?» ማለቱን ይተውና «እስቲ ንገረኝ» ይበል። ልጁ ሲንተባተብ አትደንግጡ፤ ትምህርቱ ያኔ ነው የሚጀምረው።

እኔ ግን ለዓመታት ተማሪዎቼን የጠየቅኳቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ለሚድ፣ አንዴ ለፋይናል፤ ያውም ለውጤት። ያ የታክሲው ጎልማሳ ጨዋ ነውና «መምህር፣ ያኔ መች ጠየቁን?» አላለኝም። ቢለኝ መልስ አልነበረኝም።