«ሱፐርቻርጀር» ወይስ ወናፍ? በአንድ የሞተር ብስክሌት ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የሆንዳ ኩባንያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በሚላኖ የሞተር ብስክሌት ትርዒት ላይ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር አሳይቷል። የዚህ ሞተር ልዩ ባሕርይ፥ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው መሣሪያ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መሆኑ ነው። አየርን በግፊት የማስገባቱ ዘዴ ራሱ አዲስ አይደለም፤ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አራቱ የጃፓን አምራቾች በጭስ ግፊት የሚዞር ቱርቦ ያላቸው ሞተር ብስክሌቶች ሠርተዋል፤ ካዋሳኪም በ2015 ከሞተሩ ዘንግ ጋር በጥርስ የተያያዘውን ዓይነት ለገበያ አቅርቧል። የሆንዳው መሣሪያ ግን ከጭሱም ከዘንጉም ነጻ ስለሆነ፥ ሞተሩ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜም አየሩን በሚፈለገው መጠን ይሰጣል። የእኛ ጥያቄ ይህ ነገር በአማርኛ ምን ይባል የሚለው ነው።

«ሱፐርቻርጀር» ብሎ እንዳለ መውሰድ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን «ቻርጀር» በዛሬው አማርኛ የስልክ ባትሪ መሙያ ሆኗል። «በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሱፐርቻርጀር ያለው ሞተር» የሚል ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው፥ ባትሪው ቶሎ የሚሞላ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት እንደ ቀረበለት ቢረዳ አይፈረድበትም። ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ «ኤሌክትሪክ» የሚለው ቅጽል በሕግ ፊት ክብደት አግኝቷልና።

«አስገዳጅ አየር ማስገቢያ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም ደግሞ አዋጅ አዋጅ ይሸታል። «አመቃ» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ «የታመቀ አየር» የተለመደ አነጋገር መሆኑም እውነት ነው። ችግሩ ሞተሩ ራሱ አየሩን በፒስተኑ የሚያምቅ መሆኑ ነው። ከሲሊንደር ውጭ ያለውንና ከሲሊንደር ውስጥ ያለውን ሥራ በአንድ ግሥ መጥራት የጥገና መመሪያ ለሚተረጉም ሰው ወጥመድ ማስቀመጥ ነው። በዚያ ላይ «እምቅ» በፊዚክስ መጻሕፍት «እምቅ ጉልበት» በሚለው ሐረግ ቀድሞ ተይዟል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ሞተር» ነው። በንግግር ሞተር ብስክሌቱም ሞተር፥ ነዳጅ የሚያቃጥለው ክፍልም ሞተር፥ በኤሌክትሪክ የሚዞረውም ሞተር ነው። «በሞተር የሚነዳ የሞተር ሞተር አየር መግፊያ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ከሰዋስው አንጻር አልተሳሳተም፤ የተናገረው ነገር ግን የለም። ስለዚህ ለሦስተኛው የጋራዥ ሰዎች የሚሉትን «ዲናሞ» ብንቀበል አንዱን ግርታ እናስወግዳለን።

በእኛ አመለካከት ለመሣሪያው የሚስማማው ስም «ወናፍ» ነው። ቀጥቃጩ እሳቱ እንዲበረታ ከሰሉን በወናፍ ይነፋል፤ መሣሪያውም ነዳጁ በብርታት እንዲነድ አየር ይገፋል። የቀጥቃጩ ወናፍ እየተነፋ እየሟሸሸ የሚሠራ ቆዳ ሲሆን፥ ይኸኛው በፍጥነት የሚሽከረከር ብረት ነው፤ ስም ግን ለቅርጹ ሳይሆን ለተግባሩ ቢሰጥ ነውር የለውም። ቃሉን የምንሸሸው የቀጥቃጭ ሙያ ይናቅ ስለ ነበረ ከሆነ፥ ይህ የቋንቋ ምክንያት አይደለም።

ለፈተና ያህል አርዲቦን እንውሰድ። ይህ የደቡብ ወሎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። (የጎረቤቱ ሐይቅ መጠሪያ ራሱ «ሐይቅ» ነው፤ የወል ስም የተጸውዖ ስም ሲሆን ማንንም አላስፈቀደም።) በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፥ አየሩን እንዲሁ የሚስብ ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለዚያ አገር ሞተረኛ «አየሩ ስለ ሳሳ ወናፉ ይሞላለታል» ብንለው ይገባዋል። «አስገዳጅ አየር ማስገቢያ» ብንለው ግን ማን ማንን እንዳስገደደ ይጠይቀናል።

በከባድ መኪና ነጂዎች አፍ የለመደው «ቱርቦ» እንዳለ ይቆይ፤ መዝገበ ቃላቱ በጭስ የሚዞር ወናፍ ብሎ ይፍታው። ከዘንጉ ኃይል የሚወስደው «ባለ ዘንግ ወናፍ»፥ አዲሱም «ባለ ዲናሞ ወናፍ» ይባል። በመጨረሻው ፍቺ ውስጥ ሞተር ብስክሌቱ ቤንዚን የሚያቃጥል መሆኑ ሳይጻፍ መታለፍ የለበትም።