መጀመሪያ የቀለም ቆርቆሮው ይውጣልኝ

አሮጌ ባቡር እንድከባከብ ስጠራ ከሁሉ በፊት የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የቀለም ቆርቆሮው ከግቢው ይውጣልኝ። ቅርስ እናድን የሚል ሰው እጁ ቶሎ ወደ ብሩሽ ይሄዳል። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለማ ሎኮሞቲቩ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተቀብቶ ያድራል። ያምራል፣ ፎቶም ይነሱበታል። ከቀለሙ ሥር ያለው የብየዳ ጠባሳና የፋብሪካ ቁጥር ግን ተለስኖ ይቀራል፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

ሥራዬ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ይገባ በነበረው አሮጌ መስመር ላይ ነው፤ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ግድም፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ግንባታው በ1890 ተጀመረ፣ ሐረር ይገባል የተባለው ባቡር ተራራው አስቸገረውና በ1895 ከሥር ሜዳው ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በዚሁ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተካ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ይህን ያህሉን ማንም ጽፎ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይችላል። አስቸጋሪው ብረቱን ራሱን ማናገር ነው።

ሐዲድ ይነበባል። በጎኑ ላይ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ጎልቶ ተጽፏል፤ ዝገት ስለሚሸፍነው ግን አላፊ አግዳሚው አያየውም። ለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ይዤ ልቅ ልቁን ዝገት ብቻ አራግፋለሁ፤ እስኪያበራ መፈተግ ፊደሉንም ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ጠመኔ አጋድሜ ሳሻሽ ከፍ ያለው ብቻ ነጭ ይሆናል፣ ቃሉ ብቅ ይላል። ባትሪ ከጎን አብርቼ ፎቶ አነሳለሁ። እንዲህ እያነበቡ መስመሩን ተከትሎ መሄድ የቱ ቦታ የመጀመሪያው ሐዲድ እንዳለ፣ የቱ ጋ በኋላ እንደተለወጠ ያሳያል። አንዳንዱ ሐዲድ ደግሞ ከመስመሩ ወጥቶ የሰው ቤት ምሰሶ ሆኗል። አንዲት እናት ግድግዳቸው ሥር ጠመኔ ይዤ ስንበረከክ አይተው፣ “ልጄ፣ ልትወስደው ነው?” አሉኝ። ላነበው ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ቡና አፈሉልኝ፤ ሐዲዱም ቤቱን እንደተሸከመ በመዝገቤ ገብቷል።

የድሬዳዋው ወርክሾፕ ግን ከሐዲዱም ይበልጥብኛል። የእንፋሎቱ ዘመን አልፎ ናፍጣ ሲተካም፣ በ1969 እና በ1970 በሶማሊያ ጦርነት መስመሩ ሲቆረጥም፣ መለዋወጫ እንደልብ በማይገኝበት ጊዜም ባቡሩ የኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ቶርኖው ቆረጠ፣ ማቅለጫው አፈሰሰ፣ ሊማው አስተካከለ። ስለዚህ ጎብኚ “ይህ ኦሪጅናል ነው?” ሲለኝ ትንሽ ይከፋኛል። በጥገና ብዛት ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን መልክ ያጣ ዕቃ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ጡረታ የወጡ ሠራተኞችን ወንበር ላይ አስቀምጬ አልጠይቅም። ወንበርና መቅረጫ ያየ ሰው ንግግር ያደርጋል። ዕቃውን እጁ ላይ ሳስቀምጥ ግን ጣቱ ቀድሞ ያስታውሳል። አንድ የቶርኖ ባለሙያ (ድሬ አንቱታ ስለማታበዛ አንተ ነው የምለው) ዘንግ የሚሽከረከርበትን የነሐስ ቦኮላ እያገላበጠ ሲያይ፣ “አንተ፣ ይሄ ለምን ከሌላው አጠረ?” አልኩት። “አጥሮ አይደለም፤ ነሐሱ ያን ያህል ነበር” አለኝ። የዕቃው ካርድ ላይ ከልኩ በታች ያንኑ ጻፍኩ።

ጎብኚው በብዛት የሚጠይቀው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ፉርጎ ነው፤ አልከለክልም። እኔ ብሆን ግን ቀድሜ የማሳየው የሦስተኛ ማዕረጉን ነበር። ከአንዱ አግዳሚ ወንበር ሥር የብሎኑ ራስ በካቻቢቴ ብዛት የተላጠ ጣውላ አለ፤ ኮንትሮባንድ የት ይገባ እንደነበር ለድሬ ሰው አላስረዳም። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበት አደጋም ቦታ ያስፈልገዋል። ደስ የሚለውን ብቻ መርጦ የሚሰቅል ሙዚየም የሞተበትን ቤተሰብ ከደጅ ይመልሳል።

ከ2009 ወዲህ አዲሱ ሰፊ ሐዲድ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያልፋል፣ አሮጌው ግቢም ጸጥ ብሏል። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የማልስማማበት ነገር ቶርኖዎቹን ማንቀሳቀስ ነው። ይበላሉ፣ ይቁሙ ይላሉ። እኔ ይዙሩ ባይ ነኝ፤ የቆመ ማሽን ግራሶው ይደርቃል፣ እሱን ማዞር የሚችለውም ሰው በዕድሜ እየገፋ ነው። ወጣቶች ከጎኑ ቆመው መማር ያለባቸው አሁን ነው። የማሽኑ ክፍል ሲበላ እዚያው እንሠራለን፣ አሮጌውን ቁጥር ሰጥተን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣለን፤ አዲሱ ላይ ደግሞ የተሠራበትን ዓመት በብረት ማኅተም እንመታበታለን፣ የኋላ ሰው የማን ሥራ እንደሆነ እንዳይምታታበት።