«መስተዋድድ»፤ የአንድ የሰዋስው ቃል ፍቺና ምንጭ

የሰዋስው ሙያ ቃል በተሳሳተ ፍቺ ሲሰጥ ጉዳቱ በቃሉ ብቻ አይወሰንም፤ ተማሪው የገዛ ቋንቋውን የሚያይበትንም መንገድ ያዛባል። ለዚህ «መስተዋድድ» ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ በምትገኘው በተፍኪ ያነጋገርነው አንድ መምህር ቃሉን «ቃላትን የሚያፋቅር፣ ከስም በፊት የሚገባ» ሲል ፈታልን። ፍቺው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ በብዙ መማሪያ ክፍል የሚሰማ ነው። ሆኖም በሁለት ረገድ የሚያስኬድ ሆኖ አላገኘነውም።

አንደኛው የምንጩ ነገር ነው። ቃሉ «አስተዋደደ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን «መስተ» አድራጊነትን ያመለክታል። በግእዝ «ወደደ» ማለት ገጠመ፣ አያያዘ ማለት ነው፤ የማፍቀር ፍቺ የጎላው በአማርኛ ነው። አማርኛም ቢሆን የጥንቱን ፍቺ ፈጽሞ አልጣለውም፤ አናጢ ሁለት እንጨት ሲያገጣጥም «አዋደደ» ይባላል። እንግዲህ መስተዋድድ አገጣጣሚ ነው እንጂ እንደ መስተፋቅር ፍቅር አስያዥ አይደለም።

ሁለተኛው የቦታ ነገር ነው። «ከስም በፊት» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከአውሮፓ ሰዋስው ነው። የላቲኑ «ፕሬፖሲቲዮ» የግሪኩ «ፕሮቴሲስ» ትርጉም ሲሆን ሁለቱም «በፊት ማኖር» ማለት ናቸው። ነገር ግን በክረምት «ውሃው ከተፍኪ ሜዳ ላይ ተኛ» ስንል «ከ» ከፊት፣ «ላይ» ከኋላ ሆነው ስሙን በመካከል ይይዙታል። «መስተዋድድ» ግን ተግባርን እንጂ ቦታን አይናገርም፤ ይህም ጉድለቱ ሳይሆን ብልጫው ነው።

ብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በሰዋስው መጽሐፋቸው ከስምንቱ የንግግር ክፍሎች መካከል መስተዋድድንና መስተጻምርን ለየብቻ ቈጥረዋል። ባዬ ይማም ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ባወጡት «የአማርኛ ሰዋስው» የቃል ክፍሎችን ወደ አምስት ሲያወርዱ መስተጻምርን በመስተዋድድ ሥር አጠቃለሉት። እኛም ወደ ኋለኛው እናደላለን። «ስለ ተፍኪ» እና «ስለ መጣ» በሚሉት ውስጥ ያለው «ስለ» አንድ ነው፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ከስም፣ በሁለተኛው ከግስ ጋር መግጠሙ ብቻ ነው። የቃሉ ሥር ማገጣጠም ከሆነ፣ ለሁለቱም አንድ ስያሜ ይበቃል።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላትና የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ማፋቀርንና «ከስም በፊት» የሚለውን ትተው፣ «ቃልን ወይም ሐረግን ከሌላው ጋር የሚያገጣጥም» በሚለው ፍቺ ቢጸኑ መልካም ነው እንላለን። ስያሜው ትክክል ነው፤ መታረም ያለበት ፍቺው ነው።