የሴጂ ኦዛዋ እጆች፦ ከሳይቶ ክፍል እስከ ማትሱሞቶ

ጃፓናዊው የኦርኬስትራ መሪ ሴጂ ኦዛዋ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በ88 ዓመቱ ቶኪዮ ውስጥ ሲያርፍ የወጡት የኅዘን ጽሑፎች አብዛኞቹ አንድ መንፈስ ነበራቸው፤ የምሥራቅ ልጅ የምዕራብን ሙዚቃ ተክኖ ዓለምን አስደመመ የሚል። ኦዛዋ ራሱም እስያዊ ሰው የአውሮፓን ሙዚቃ እስከ ምን ድረስ ሊዘልቀው እንደሚችል የሚፈተንበት ሙከራ አድርጎ ሕይወቱን ይመለከት ስለነበር ትረካው መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ ይህ አከፋፈል ብዙ ነገር ይደፈጥጣል። ኦዛዋ በ1935 የተወለደው በጃፓን ቁጥጥር ሥር በነበረችው ማንቹሪያ፣ ዛሬ ሼንያንግ በምትባለው የቻይና ከተማ ነው፤ ስሙም የወጣለት ያንን ምድር ለመያዝ ሤራ ከጠነሰሱት የጃፓን መኮንኖች ከሁለቱ ነው። በ1979 የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን እየመራ ቻይና ሲገባ ተሸክሞት የሄደው ታሪክ በምሥራቅና በምዕራብ ሚዛን የሚለካ አልነበረም። ኦዛዋን ለመረዳት ከትውልዱ ይልቅ ከአንድ መምህር የተቀበለውን የእጅ ስልት መመርመር ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ዝናውም ትችቱም የሚመነጩት ከዚያው ነው።

መምህሩ ሂዴኦ ሳይቶ ነው። ኦዛዋ ፒያኒስት ለመሆን ሲማር ራግቢ ሲጫወት ጣቶቹን ተጎዳና ወደ መሪነት ትምህርት ዞረ፤ በቶሆ ጋኩዌን የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ከሳይቶ እጅ ገባ። በጀርመን ቼሎ የተማረው ሳይቶ በ1956 ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ የመሪውን ክንድ እንቅስቃሴ በየዓይነቱ ለይቶ ስም አውጥቶለታል። «ታታኪ» ክንዱ ወርዶ ነጥቡን መትቶ የሚመለስበት ነው፤ «ሻኩይ» ደግሞ ሳይመታ፣ ጨልፎ እንደሚያነሣ ሰው፣ ዝቅ ብሎ የሚነሣበት። የስልቱ ምስጢር ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። ክንዱ የት ላይ እንደሚፈጥን፣ የት ላይ እንደሚዘገይ በትክክል ከታየ ተጫዋቹ ምቱ ከመድረሱ በፊት የሚያርፍበትን ቅጽበት ያውቃል። ሳይቶ ይህን ትንፋሽ እስኪያሳጥር ድረስ ያስደግም ነበር። ብዙ ኀያሲዎች እንዲህ ያለውን ሥልጠና የሰውነት ልምምድ ብቻ አድርገው አቃልለውታል፤ ለእኔ ግን ስለ ጊዜ የማሰብ ትምህርት ነው።

በ1959 ኦዛዋ ስኩተሩን ይዞ በጭነት መርከብ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት የቤዛንሶንን የመሪዎች ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በሮች በፍጥነት ተከፈቱለት፤ ታላላቆቹ መሪዎች ቻርልስ ሙንሽ፣ ካራያን፣ በርንስታይን ተራ በተራ ተቀበሉት፤ በ1961 የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ረዳት መሪ ሆነ።

አገሩ ግን በቀላሉ አልተቀበለውም። በ1962 መጨረሻ የኤንኤችኬ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተጫዋቾች ከ27 ዓመቱ ኦዛዋ ጋር አንሠራም አሉ፤ ኮንሰርቱም ተሰረዘ። በቀጣዩ ጃንዋሪ ደራስያንና አርቲስቶች ተሰባስበው በሌላ ኦርኬስትራ የድጋፍ ኮንሰርት አዘጋጁለት። ወደ ኤንኤችኬ ሲምፎኒ መድረክ የተመለሰው ከ32 ዓመታት በኋላ፣ በ1995 ነበር። ክስተቱ ብዙውን ጊዜ የታላላቆች ቅናትና የወጣት ድፍረት ታሪክ ሆኖ ይተረካል። እኔ የማየው ከዚያ የከፋ ችግር ነው። ግልጽ እጅ ምን እንደሚፈለግ ይናገራል እንጂ ለምን እንደሚፈለግ ተጫዋቹን አያሳምንም፤ ተጫዋቹ ፈቃዱን ከነፈገ የስልቱ ጥራት የትም አያደርስም።

የስልቱ ኃይል ጎልቶ የሚታየው በተወሳሰቡ ሥራዎች ላይ ነው። ኦዛዋ በ1967 ከኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበው የቶሩ ታከሚትሱ «ኖቬምበር ስቴፕስ» ለቢዋና ለሻኩሃቺ፣ ማለትም ለጃፓን የገመድና የዋሽንት መሣሪያዎች፣ ረጅም የብቻ ጨዋታ ይሰጣል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ኦርኬስትራው ዝም ይላል፣ መሪውም መጠበቅ አለበት። ከዚህም የሚከብደው በ1983 በፓሪስ ኦፔራ መጀመሪያ የመራው የኦሊቪዬ ሜሲያን «የአሲዚው ቅዱስ ፍራንሲስ» ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ከመቶ በላይ ተጫዋቾችና ግዙፍ መዘምራን ይፈልጋል። ቅዱሱ ለወፎች በሚሰብክበት ትዕይንት አንዳንድ መሣሪያዎች ከመሪው ምት ወጥተው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍጥነት የወፍ ድምፅ ያሰማሉ። መሪው መግቢያቸውን ካሳየ በኋላ ሊለቃቸው፣ ቀሪውን ኦርኬስትራ ደግሞ አጥብቆ ሊይዝ ይገባል። እዚህ ላይ የሳይቶ ትምህርት ጌጥነቱ ቀርቶ የግድ ይሆናል። የኦዛዋን ታላቅነት የሚጠራጠር ሰው ይህን ሥራ ሰምቶ ይፍረድ።

ቦስተን ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግር ምዕራፍ ነው። ኦዛዋ ከቶሮንቶና ከሳንፍራንሲስኮ ቀጥሎ የቦስተን ሲምፎኒን ከ1973 እስከ 2002 መራ፤ በኦርኬስትራው ታሪክ ይህን ያህል የቆየ የሙዚቃ ዳይሬክተር የለም። በ1990ዎቹ ትችቱ በረታ፤ ታላላቆቹ ምሽቶች ያበራሉ፣ በየሳምንቱ የሚደገሙት ቤትሆቨንና ብራምስ ግን ተስተካክለው ከመሰማት አያልፉም የሚል። በታንግልውድ የሚገኘውን የበጋ ትምህርት ማዕከል አስተዳደር ሲለውጥም ነባር መምህራንን አስከፋ፤ ፒያኒስቱ ሊዮን ፍላይሸር በ1997 ኃላፊነቱን ለቀቀ። ትችቱ ግማሹ እውነት ይመስለኛል። ቤትሆቨንን ለማወቅ የእጁን ማብራሪያ የማይፈልግ ኦርኬስትራ ከመሪው የሚጠብቀው ክርክር ነው፤ ኦዛዋም ያን ክርክር ሁልጊዜ ይዞ አልመጣም። ሌላው ግማሽ ግን ምን ዓይነት ተጫዋቾች ፊት ቢቆም የተለየ ነገር ያወጣ እንደነበር ሳይጠይቅ ያልፋል።

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት በሳይቶ ኪነን ኦርኬስትራ ነው። ሳይቶ በሞተ በአሥረኛ ዓመቱ፣ በ1984፣ ኦዛዋና ካዙዮሺ አኪያማ በየአገሩ የተበተኑትን የመምህራቸውን ደቀ መዛሙርት ለመታሰቢያ ኮንሰርት ሰበሰቡ፤ ከ1992 ጀምሮም ኦርኬስትራው በየዓመቱ በማትሱሞቶ ከተማ በሚካሄድ ፌስቲቫል መጫወት ጀመረ። እነዚህ ተጫዋቾች አንድ ክፍል ውስጥ ያደጉ በመሆናቸው የኦዛዋ እጅ የሚለውን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ስለዚህ እጁ ምቱን ከማሳየት ነፃ ወጣ። ከእነሱ ጋር በቀረጸው ብራምስ የገመድ መሣሪያዎቹ ሐረጉን እንደ አንድ ተናጋሪ ይጀምሩታል፣ ይጨርሱታል፤ በቦስተን የጎደለው ሙግት እዚህ ከተጫዋቾቹ ራሳቸው ይመጣል። የብቸኛው ባዕድ ጀግና ትረካ የማይበቃው ለዚህ ነው። ኦዛዋ የላቀው ብቻውን በቆመበት ሳይሆን ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ መካከል ነው።

ከ2002 እስከ 2010 የቪየና ስቴት ኦፔራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ነበር። በ2010 የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከተገኘበት በኋላ ሙሉ ኮንሰርት መምራት እየከበደው ሄደ፤ ጉልበቱን ይበልጥ የሰጠው ለማስተማር ነበር። በስዊዘርላንድና በጃፓን ባቋቋማቸው አካዳሚዎች ወጣቶችን ያሠለጥን የነበረው በገመድ ኳርቴት ነው፤ መሪ በሌለበት፣ አራት ሰዎች በትንፋሽና በዓይን ብቻ በሚግባቡበት ጨዋታ። ደራሲው ሃሩኪ ሙራካሚ ከኦዛዋ ጋር ያደረጋቸውን ውይይቶች በ2011 በመጽሐፍ ሲያወጣ የስዊዘርላንዱን አካዳሚ ጎብኝቶ የታዘበውንም ጨምሮበታል። ስለ ኦዛዋ ሲጻፍ ይህ ክፍል እንደ ተጨማሪ እየታየ ይታለፋል። እኔ ግን የሳይቶን ውርስ የሚያጠና ሁሉ ምርምሩን ከዚያ እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ኦዛዋ ከመምህሩ የተቀበለው የጊዜ ትምህርት የመሪ እጅ ሳያስፈልገው በአራት ወጣቶች መካከል ሲሠራ የሚታየው እዚያ ነውና።