የሣጥኑ መጽሐፍ ከቡሬ ሲነበብ

ኤፕሪል 26 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ፣ ኒዋርክ ወደብ አንድ ክሬን 58 የአሉሚኒየም ሣጥኖችን እያነሣ «አይዲያል ኤክስ» በተባለች አሮጌ የነዳጅ መርከብ ላይ ደረደረ። መርከቧ ከአምስት ቀን በኋላ ሂውስተን ስትገባ 58 መኪናዎች ሣጥኖቹን ተቀብለው ወደየመድረሻቸው አመሩ። ማርክ ሌቪንሰን «ዘ ቦክስ» የተሰኘውን የኮንቴይነር ታሪክ የሚከፍተው በዚህ ትዕይንት ነው። መጽሐፉ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለተኛ እትም አግኝቷል። ደራሲው «ዘ ኢኮኖሚስት» መጽሔት ላይ የፋይናንስ አዘጋጅ የነበረ የምጣኔ ሀብት ታሪክ ጸሐፊ ነው። ወደብ ለምን እንደሚሰፋ፣ ሲሰፋም ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ ካስረዱኝ ሥራዎች ይህን የሚስተካከል አላገኘሁም። ያነበብኩት ግን ከጅቡቲ በመንገድ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው የምዕራብ ጎጃም ከተማ ቡሬ ስለ ሆነ አድናቆቴም ቅሬታዬም ከዚሁ ርቀት የሚመነጩ ናቸው።

የመጽሐፉ ጭብጥ በአጭሩ ሲቀመጥ ሣጥኑ ብቻውን ተራ ብረት ነው። ዓለምን የለወጠው መርከቡ፣ ክሬኑ፣ የወደቡ ሜዳ፣ ባቡሩና ተሳቢው በሣጥኑ ልክ እንደ ገና መሠራታቸው ነው። ሌቪንሰን ይህን ለማሳየት ንድፈ ሐሳብ አያስቀድምም፤ ሰነድ ይዘረጋል። በሁለተኛው ምዕራፍ «ወሪየር» የተባለች መርከብ በ1954 ከብሩክሊን ወደ ብሬመርሃቨን ያደረገችውን ጉዞ ከነወጪዋ እናያለን። የጫነችው 194,582 ነጠላ ዕቃ ነው፤ ጆንያ፣ ካርቶን፣ በርሜል፣ ጥቅል ሽቦ ሳይቀር። ከጠቅላላው ወጪ ውቅያኖሱን ማቋረጥ የወሰደው 11 በመቶ ገደማ ሲሆን በሁለቱ ወደቦች ለመጫንና ለማራገፍ የወጣው 37 በመቶ ገደማ ነው። ዕቃው እንዳይንከባለል ለሚታሰርበት ገመድና ለሚደገፍበት እንጨት ብቻ ከ5,000 ዶላር በላይ ተከፍሏል። ይህ ምዕራፍ በመረጃ አጠቃቀም ረገድ አርአያ የሚሆን ነው። አንድ መርከብ፣ አንድ ጉዞ፣ አንድ ሒሳብ ተመርጦ የዘመኑ ንግድ ችግር በሙሉ በዚያ ይገለጣል።

መቼቱ ብሩክሊን ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በበቆሎ ወቅት ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ አይሱዙ ጀርባውን ለመጋዘኑ በር ሰጥቶ ይቆማል። ከመሬት እስከ ጭነቱ ጠርዝ ወፍራም ጣውላ ይጋደማል። ሁለት ሰዎች ኩንታሉን ከግራና ከቀኝ አንሥተው ጎንበስ ያለው ጫኝ ማጅራት ላይ ያሳርፉለታል፤ እሱም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በጣውላው ላይ ፈጠን ብሎ ይወጣል፤ ላይ የቆመው ጓደኛው የከረጢቱን ጆሮ ይዞ ይስብና ይደረድራል። ጭነቱ በርበሬ ከሆነ ሁሉም ፊታቸውን በነጠላ ወይም በጨርቅ ሸፍነው ነው። ለውጭ ገበያ የሚሄድ አኩሪ አተር ቢሆን ደግሞ ከገበሬው ጎተራ በጋሪ ወደ ገበያ፣ ከነጋዴው ሚዛን ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ማበጠሪያ ይሄዳል። ኮንቴይነር የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሌቪንሰን በ1956 ልቅ ዕቃ መርከብ ላይ ለመጫን በቶን 5.83 ዶላር ሲያስወጣ በአይዲያል ኤክስ 16 ሳንቲም እንኳ እንዳልሞላ ይነግረናል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ዛሬም የሚከፈለው ከሁለቱ የፊተኛው ዓይነት ዋጋ ነው።

በገጸ ባሕርይ አሣሣል ደራሲው ቁጥብ ነው። አይዲያል ኤክስን ያሰማራው ማልኮም ማክሊን ከሰሜን ካሮላይና ነዳጅ ማደያ ተነሥቶ በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና የጀመረ ሰው ስለ ሆነ ለጀግና ትረካ የሚመች ነበር። ሌቪንሰን ግን ዕቃን በሣጥን አሽጎ ማጓጓዝ ከማክሊን በፊት በብዙ አገር መሞከሩን ሳይሸሽግ ያስቀምጣል፤ የማክሊን ድርሻ የመርከብ ድርጅት ሥራው መርከብ መንዳት ሳይሆን ዕቃ ማድረስ መሆኑን መረዳቱ ነው ይላል። የጭነት ዋጋ በትክክል ምን ያህል እንደ ቀነሰ የሚያሳይ የተሟላ መረጃ አለመኖሩንም በግልጽ ይናገራል። ቋንቋው ደረቅ ቢመስልም ጥርት ያለ ነው። ትረካው የሚላላው ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። የማክሊን ሣጥን 35 ጫማ፣ የማትሰን ኩባንያ 24 ጫማ በነበረበት ጊዜ ዓለም እንዴት በ20 እና በ40 ጫማ እንደ ተስማማ የሚተርከው ይህ ምዕራፍ ኮሚቴ በኮሚቴ ላይ እየደራረበ አንባቢውን ያደክማል። ይዘቱ ግን አስፈላጊ መሆኑ አይካድም፤ ያለዚያ ስምምነት ሞጆ ያለው ክሬን ሻንጋይ የታሸገ ሣጥን ማንሣት ባልቻለ ነበር። ግጭቱ ከሰዎች ወደ ደብዳቤዎች ሲዞር ማን ምን ፈልጎ እንደ ነበር ይጠፋናል፤ ምዕራፉ ቢያጥር ኖሮ ኃይሉ በጨመረ።

የትረካው ጡዘት ስለ ወደቦች የሚያወሳው አሥረኛው ምዕራፍ ነው። እዚህ ሌቪንሰን ከተማን ከከተማ እያነጻጸረ ያስኬዳል። የለንደን ወደብ ባለሥልጣን ቲልበሪ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ዘመናዊ ተርሚናል ሲሠራ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ኮንቴይነር አንነካም ብሎ ሥራውን አገደ። በዚያው ጊዜ በሰፎክ ዳርቻ ያለች፣ ከቁጥር የማትገባ ፌሊክስቶ የተባለች የግል ወደብ ከማክሊን ድርጅት ጋር ተዋውላ ጭነቱን ወሰደች። ሳን ፍራንሲስኮ አሮጌ መድረኮቿን ስታስታምም ባሕረ ሰላጤውን ተሻግራ ያለችው ኦክላንድ ሜዳ ደልድላ ክሬን ተከለች። ሲንጋፖር በ1965 ነፃ አገር በሆነች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ባንክ ብድር ተርሚናል ገንብታ በ1972 ከፈተች። ኮንቴይነር ሰፊ ሜዳ፣ ጥልቅ ውኃና ከባድ ክሬን ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ መርከብ ከመምጣቱ በፊት የሚፈስ የሕዝብ ገንዘብ ይጠይቃል። ወደብ ማስፋት ዕጣ የመጣል ያህል አደገኛ ውሳኔ መሆኑን ያለ ጩኸት፣ በምሳሌ ብቻ ያሳምነናል። በዚህ ርእስ ላይ እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ የተሻለው ክፍል ይህ ነው።

ምዕራፉን ወደ ጅቡቲ አምጥቶ መፈተን ተገቢ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ አሰብ ለኢትዮጵያ ሲዘጋ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ጭነት ከሞላ ጎደል በአንድ ወደብ ላይ ተደራረበ። አሮጌው የጅቡቲ ወደብ ከከተማው ጋር ተጣብቆ መስፋፊያ ስላጣ፣ በኒው ዮርክና በለንደን እንደ ሆነው ሁሉ፣ ወደቡ ከከተማው ወጣ። የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ ከዲፒ ወርልድ ጋር ተሠርቶ በ2009 ሥራ ጀመረ። በ2017 ደግሞ 590 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተከፈተ፤ በዓመቱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የንግድ ሥራውን ጀመረ። በዚያው በ2018 የጅቡቲ መንግሥት የኮንቴይነር ተርሚናሉን ከዲፒ ወርልድ ነጥቆ ወስዶ ዓለም አቀፍ ክርክር ተከተለ። መድረኩ የማን ነው፣ አደጋውን ማን ይሸከማል የሚለው የሌቪንሰን ጥያቄ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ ከእኛ ጋር ነው።

ከዚህ በኋላ ግን መከራከሪያው ለእኛ አይሠራም። የሌቪንሰን ወደቦች የሚታገሉት ደንበኛው ጥሎ መሄድ ስለሚችል ነው። የመርከብ ድርጅቱ ለንደን ካልተመቸው ፌሊክስቶ ይገባል። የኢትዮጵያ ጭነት እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም። ዲፒ ወርልድ ያስፋፋው የበርበራ ተርሚናልና የኬንያው ላሙ ሁለቱም በ2021 እ.ኤ.አ. ቢከፈቱም አብዛኛው ጭነታችን አሁንም በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። ደንበኛው አንድ፣ ወደቡም አንድ ሲሆን ማስፋፋቱ ዋጋ ይቀንሳል ወይስ ዕዳውን ደንበኛው ይከፍላል? መጽሐፉ ለዚህ መሣሪያ አያቀብለንም። ጉድለቱን ለማለፍ ደራሲው አሜሪካዊ ነው፣ ሰነዱም ያለው እዚያው ነው ማለት ይቻላል። የዓለምን ምጣኔ ሀብት እተርካለሁ ላለ ሥራ ግን ይህ በቂ ምክንያት አይመስለኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሌቪንሰን የእኛን ጉዳይ ጨርሶ አልዘነጋም። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ኮንቴይነር ከባልቲሞር እስከ ደርባን በ2,500 ዶላር ሲጓዝ፣ ከደርባን ሌሶቶ ማሴሩ ለመድረስ፣ 350 ኪሎ ሜትር እንኳ ለማይሞላ መንገድ፣ ተጨማሪ 7,500 ዶላር እንደሚያስወጣ ይጠቅሳል። ከመጽሐፉ ሁሉ አስደንጋጩ ሒሳብ ይህ ነው፤ የ«ወሪየር»ን ጉዞ ከነወጪው በዝርዝር የተነተነ ጸሐፊ ግን ይህን በጥቂት መስመር አልፎታል። በዚያ ቦታ ምን ሊጻፍ ይችል እንደ ነበር ለማወቅ አንድ ሣጥን ወደ ጎጃም መከተል ይበቃል። ዕቃው ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ ሰነድ በሚጓጓዝበት በመልቲሞዳል ሥርዓት ሣጥኑ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ትራንዚተሩ ሰነዱን ይጨርሳል፤ ቀን ካለፈ ክፍያው ይቆጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ሣጥኑ እዚያው ወይም አዲስ አበባ ይከፈትና ዕቃው እንደ ገና በትከሻ ወደ ሌላ መኪና ይዞራል። ከዚያ ጎሐ ጽዮን። የዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ከሺሕ ሜትር በላይ ነው፤ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ያው ከፍታ ወደ ደጀን በከባድ ማርሽ ይወጣል። የጎጃም ነጋዴ ድሮም ባሕርን የሚያውቀው በኬላዎቹ ነበር፤ የባሶ ገበያ ቡናና ዝባድ ጎንደርን አልፎ ምጽዋ እስኪደርስ በየመንገዱ ቀረጥ ይጠብቀው ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ ከርእሱ ከራሱ የሚነሣ ነው። ኮንቴይነርን የወደብ ሁሉ መለኪያ ማድረግ ለእኛ አይበቃም። ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ከሁሉ የሚበልጠው የባሕር ጭነት ማዳበሪያ ነው፤ እሱም በሣጥን አይመጣም። በብትን ጅቡቲ ይደርሳል፣ ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል፣ ክረምት ሳይገባ በየዩኒየኑ መጋዘን መድረስ አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. ለድርቁ የተገዛው ስንዴና ማዳበሪያው በአንድ ሰሞን ሲመጡ መርከቦች ጅቡቲ ላይ ተራ ሲጠብቁ ሰነበቱ። ቡሬም ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የአገር ውስጥ የቅባት እህል ስለማይበቃው ድፍድፍ የፓልም ዘይት ከባሕር ማዶ ይጠብቃል። ዘይት በቦቴ፣ ማዳበሪያ በከረጢት በሚጓዝበት መሥመር ላይ ሣጥኑ ከተዋናዮቹ አንዱ እንጂ ዋናው አይደለም።

የወደብ ሠራተኞችን በተመለከተ ስድስተኛው ምዕራፍ ሚዛናዊ ነው። የሠራተኛ መሪዎቹ የሃሪ ብሪጅስና የቴዲ ግሊሰን ማኅበራት ማሽኑን ሲቀበሉ ለአባላቶቻቸው ምን እንዳስከበሩ በዝርዝር ያሳያል። የሚናገሩት ግን መሪዎቹ ናቸው፤ ኩንታል የተሸከመው ሰው ድምፅ ብዙም አይሰማም። ይህም ሆኖ መጽሐፉ ትልቅ ሥራ ነው። የቡሬን የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ምርት ወደ ውጭ ለመላክ የሚያቅድ ባለሙያ ሁለተኛውን፣ ሰባተኛውንና አሥረኛውን ምዕራፍ ሳያነብ እንዳይጀምር እመክራለሁ። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ቢገኝም በሌሶቶዋ አንቀጽ ግርጌ ከዶራሌ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ እስከ ቡሬ መጋዘን ድረስ የአንድ ኩንታል ወጪ በየእርከኑ ተዘርዝሮ እንዲገባ እፈልጋለሁ፤ ጫኝና አውራጁ ለአንድ ኩንታል የሚከፈለውም አብሮ ቢሰፍር።